የጋሼ እንድሪስ የጎን መብራት

ጋሼ እንድሪስን ሌባ ያሰኘችው አስካለ ናት። ድርቁ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ መካነ ሰላም ውስጥ ቀበሌ የሚባል ነገር ገና አዲስ ሳለ፣ ከደሴ የመጡ እንግዶች በተቀመጡበት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ ነው የተናገረችው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ኋላ ስለ ውበቷ ስናገር አንባቢ እንዳይታለልብኝ ነው። ውበቷን አልክድም። አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን እሱ ስላበራላት ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ ድምፅ ነው። ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ ደሴ ያሠራውን ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ቤቱ አላለቀም። ሳሎኑ ውስጥ ቀለም ቀቢዎች በአየር በሚረጭ መሣሪያ ግድግዳውን ይረጫሉ። ሽ የሚለው የማያቋርጥ ድምፅ፣ አፍንጫ ከሚሰነፍጠው ሽታ ጋር፣ በሩ ላይ አቆመኝ። ማሾ አየር ተሞልቶ፣ ነጯ የክር ከረጢት ነድዳ ብርሃን መስጠት ስትጀምር የሚሰማው ድምፅ ነው። ስንት ዘመን ሆኖኝ ነበር ሳልሰማው።

የመብራት ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነበር። ወረቀቱን ዘርግቶ በትዕግሥት አስረዳኝ። አንደኛው ጠቅላላ ብርሃን ነው፣ ቤቱን በሙሉ እኩል የሚያበራ። ሁለተኛው የሥራ ብርሃን፣ ምድጃ ላይና መጽሐፍ በሚነበብበት ቦታ የሚሆን። ሦስተኛው ማድመቂያ፣ ሥዕሉን ወይም ግድግዳውን ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ። የፈረንጅ ስማቸውንም ጠራልኝ። የወንድሜ ልጅ ሳቅ እያለ፣ «እንግዲህ አክስቴ፣ ለእናንተ ክፍል የትኛው ይሁን?» አለኝ። ከወንበሬ በስተግራ፣ በትከሻዬ በኩል የሚመጣ አንድ መብራት ይበቃኛል፣ ከአናቴ ላይ ግን አልፈልግም አልኩት። ሠራተኛው ልጅ እርሳሱን አቁሞ አየኝ። ሙያውን ማን አስተማራችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። የጋሼ እንድሪስን ስም ቀለም በሚረጭበት ቤት መሐል አውጥቼ መጣል አልፈለግኩም። እዚህ ግን አወጣዋለሁ።

ሱቁ ከገበያው ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ከቤታችን ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ሱቅ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረውም። ጋሼ እንድሪስ የተበሳ ጣሳ ይበይዳል፣ ፋኖስ ይጠግናል፣ ለሠርግና ለተዝካር ማሾ ያከራያል። ማሾዎቹ ከማገሩ ላይ እንደ ቋንጣ ተሰቅለው ይታያሉ። ከሰል ላይ የሚግለው የመበየጃ ብረት፣ የሚቀልጠው እርሳስ፣ ላምባውና እስፒርቶው ተቀላቅለው የሚሰጡት ሽታ ክረምት ክረምት በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ እኛ ቤት ይገባል። እናቴ ታማርራለች።

«ቂጣዬን ላምባ ላምባ አሰኛችሁት እኮ ጋሼ!» ትለዋለች በግድግዳው በኩል።

«አብሽሪ፣ ለሆድ ትል ፍቱን ነው» ይላታል።

ሀገሩ ኩታበር ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ ቴአትር ቤት መጀመሪያ መጋረጃ ጎታች፣ ኋላ መብራት ያዥ ሆኖ ሠርቷል። ለምን እንደተመለሰ ሲጠይቁት ብርዱ ናፈቀኝ ይል ነበር። ከዚያ በላይ አይናገርም። ረጅም ነበር፣ ቆቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ይነካል። የጣቶቹ ጫፍ ጠቁሮ ደንድኖ፣ የጋለ የማሾ ብርጭቆ በባዶ እጁ ሲያነሳ እንደ ቀዘቀዘ ድንች ነበር የሚይዘው።

አባቴ በድርቁ ዓመት እህል ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም። እናቴ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ትሸጥ ነበርና ከትምህርት ቤት ስመለስ እስክትመጣ የምቀመጠው ጋሼ እንድሪስ ደጃፍ ላይ ነው። የማጽናኛ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ከተማው በሙሉ «አይዞሽ» እያለ ሲያሰለቸኝ እሱ አንድ ቀን ፋኖስ ሰጠኝና «ዙሪኝ» አለኝ።

በሩን ገርበብ አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ፋኖሱን ይዤ ከፊቱ ስቆም ፊቱ ሜዳ ሆነ፣ ሽብሽቡም ጠባሳውም ጠፋ። «ይህ የፊት መብራት ነው። ሁሉን ያሳያል፣ ምንም አይነግርም» አለኝ። ወደ ጎኑ ስሄድ አፍንጫው ተራራ፣ ጉንጩ ገደል ሆነ። የጎን መብራት ከሁሉም የሚወደው ነበር። ከጀርባው ስቆም ፊቱ ጨልሞ በትከሻውና በቆቡ ዙሪያ ቀጭን የብርሃን ጠርዝ ቀረ። የጀርባ መብራት ሰውን ከግድግዳ ያላቅቃል፣ ያለሱ ተዋናይ የተለጠፈ ወረቀት ነው አለኝ። ፋኖሱን ከጉልበቱ ሥር ሳስገባው ጥርሱን አግጥጦ ጅብ ሆነና አሳቀኝ። አባቴ ከቀረ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ የእናቴን ነጠላ አስመጣኝና በጨለመው ጉንጩ በኩል ዘርግቼ እንድይዝ አደረገኝ። ብርሃኑ ከነጠላው ተመልሶ ጥላውን አሳሳው። ይህን ማለስለሻ ይለው ነበር።

ሌሎቹን ቃላት ቀስ በቀስ ለመድኳቸው። መድረኩን በሙሉ እኩል የሚሸፍነውን ማልበሻ፣ በቆርቆሮ ቱቦ ተጠብቦ አንድ ሰው ላይ ብቻ የሚያርፈውን ነጥብ ይለዋል። ማሾ እንደ ኤሌክትሪክ በማብሪያው አይደበዝዝምና ከላይ በገመድ የሚወርድ የቆርቆሮ እጅጌ ሠራለት። ገመዱ ሲለቀቅ እጅጌው ብርጭቆውን ቀስ እያለ ይውጠዋል፣ መድረኩ ላይ ይመሻል። ስሙን ማምሻ አለው። አዲስ አበባ ነጥቡ ስፖት፣ ማምሻው ዲመር እንደሚባሉ ነግሮኝ ነበር። የመካነ ሰላምን ማሾ ግን በፈረንጅኛ ቢጠሩት አይሰማም ይላል።

ሠርግ ቤትም ሲጠራ እንዲሁ ነው። ዳሱን በማልበሻ ያበራል፤ ወጥ ሠሪዎቹ ዘንድ እጃቸውን የሚያሳይ ዝቅ ያለ ፋኖስ ያኖራል፤ ሙሽራይቱን ከጎኗ ነው የሚያበራት። የሙሽራዋ ዘመዶች መብራቱ ከአናቷ በላይ ካልተሰቀለ አከበርከን አንልም እያሉ ይጣሉታል። ከአናቷ ላይ ካደረጋችሁት ዓይኗ ጉድጓድ ይሆናል፣ ሙሽራ ሳይሆን ታማሚ ታስመስሏታላችሁ ብሎ ይመልሳል። አንዳንዱ ይሰማዋል። ያልሰማው ሙሽራይቱን ታማሚ አስመስሎ ይድራል።

ቀበሌው የኪነት ቡድን ሲያቋቁም መብራቱን ለእሱ ሰጡት። አዳራሹ የቀድሞው የወረዳ ግዛት መሰብሰቢያ ነበር። ትርኢቱ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን መስኮቶቹን በእርዳታ ጆንያ እንሸፍናቸዋለን። የማሾውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ መድረኩ የሚወረውር መስታወት መሳይ ነገር ግን አልነበረም። ጋሼ እንድሪስ የእርዳታ ዘይት የሚመጣበትን ጣሳ አሰበ። ውስጡ ነጭ፣ እንደ ብር የሚያበራ ነው። ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ ሲገለጥ የማሾን ብርሃን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ያኔ ባዶ ጣሳ ዋጋ ነበረው። በከተማው ጠርዝ ባለው መጠለያ ያሉት ሰዎች ቤታቸውን ጥለው የመጡ ናቸው፤ ውሃ የሚጠጡበት ዕቃ እንኳ ያልነበራቸው ብዙ ነበሩ። ጣሳ አገኙ ማለት ዕቃ አገኙ ማለት ነው፣ ግን ጠርዙ ከንፈር ይቆርጣል፣ እጀታም የለውም። ጋሼ እንድሪስ ስምምነት አደረገ። ሁለት ጣሳ ለሚያመጣለት አንዱን ጠርዙን አጥፎ፣ እጀታ በይዶ ኩባያ አድርጎ ይመልስለታል፣ አንዱን ያስቀራል። ጣሳውን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ከመጠለያው ሴቶች እቀበላለሁ፣ ኩባያውን እመልስላቸዋለሁ። እጀታው ላይ ጣታቸውን አስገብተው አዙረው የሚያዩትን ዛሬም አልረሳም። አንዷ፣ «ሰው ሆንኩ» ብላኝ ነበር።

የተመረጠው ቴአትር ስለ ድርቁ ነበር። ልጇ በመንገድ የሞተባትን እናት የምትሠራው አስካለ ናት። አስካለ የአንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ፣ ከእኔ አምስት ስድስት ዓመት የምትበልጥ፣ አንገቷን ስታዞር ሰው ሥራ የሚፈታባት ነበረች። ድርቁ እነሱ ቤት አልገባም። ድምፅዋ ግን የራሷ አይደለም የሚያሰኝ ነበር። ሙሾውን ስታወርድ የት እንደተማረችው እግዜር ይወቅ።

ጋሼ እንድሪስ ለዚያ ትዕይንት ማልበሻውን አስመሸና አንድ የጎን መብራት ብቻ ተወላት። ማለስለሻ አላደረገም። የፊቷ ግማሽ በራ፣ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ቀረ። ስትንበረከክ የጉንጯ አጥንት ወጣ፣ ዓይኗ ጠፋ፣ ያቺ የጸሐፊ ልጅ የመጠለያዋ ሴት ሆነች።  ከኋላ በኩል ከመጠለያው የመጣች አሮጊት ድምፅ አውጥታ የራሷን ልጅ ስም ጠራች። ከዚያ ሁሉም አለቀሰ። እኔም የማምሻውን ገመድ እንደያዝኩ አባቴን አለቀስኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አስካለ ግን ከመድረክ ስትወርድ ፊቷ ቲማቲም ሆኖ ነበር።

«ግማሽ ፊቴን ነው የሰጣችሁኝ። እናቴ እንኳ አላወቀችኝም» አለችው።

«ልጅ የሞተባት እናት ስለመሰልሽ ነዋ።»

«የደሴ ሰዎች ሲመጡ የፊት መብራት ይደረግልኝ።»

«እቴ አስካለ፣» አላት፣ ማሾውን እያስተነፈሰ፣ «ሰው የሚያለቅስልሽ ላልታየው ግማሽ ነው።»

ከጎኔ የቆሙት የኪነት ልጆች ሳቁ። የሳቁት በእሷ አልነበረም፣ እሷ ግን በእሷ ነው ብላ ያዘችው። እኔም ሳቅኩ። ለመሳቄ አላዝንም።

ከክፍለ ሀገሩ ቢሮ የተላኩት የደሴ እንግዶች የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል። ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሼ እንድሪስ የፊት መብራት አላደረገላትም። አንድ ስህተት ግን ሠራ፣ እኔም አላየሁለትም። የጣሳዎቹ የሚያበራ ውስጥ ወደ መድረኩ ሲዞር ጀርባቸው ወደ ተመልካቹ ይሆናል። ጀርባቸው ላይ የእርዳታው ምልክትና የማይሸጥ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ አለ። ለመካነ ሰላም ሰው ያ ጽሑፍ እንደ ግድግዳ ቀለም ነበር፣ በየቤቱ ያለ ነው፣ ማንም አያነበውም። ቀለም እንዳይቀባበት ደግሞ ሲግል ይሸታል። እንግዶቹ ግን ትርኢቱን በሙሉ ሲያዩ የዋሉት በመድረኩ ጫፍ የተደረደረውን ያን ጽሑፍ ነው።

ሲያልቅ አንደኛው ተነስቶ እነዚህ ጣሳዎች ከየት መጡ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄ ነበር፣ ክስ አልነበረም። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ደነገጠ። የእርዳታው መጋዘን በእሱ ኃላፊነት ነው። ጋሼ እንድሪስ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ገና አልሰማም። ያኔ ነው አስካለ፣ የሐዘን ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ወደ መጋረጃው እያመለከተች የተናገረችው።

«ጓዶች፣ ከመጋዘን የሚያወጣቸው እሱ ነው። ዘይቱ የት እንደሚገባ እሱን ጠይቁት።»

ሊቀመንበሩ ትንፋሹ ሲመለስለት አየሁ። ጥፋቱ ከእሱ ላይ ወርዶ ባለቤት አገኘ። ወዲያው ሁለት የጥበቃ ሰዎች ጋሼ እንድሪስን በግራና በቀኝ ያዙት። አልተከራከረም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዘነቡ፣ ማሾዎቹን አስተንፍሻቸው፣ ክሩን ግን እንዳትነኪው» አለኝ። የነደደ የማሾ ክር አመድ ነው፣ ሲነኩት ይረግፋል። ሁሉንም አስተነፈስኩ። አንድም ክር አልረገፈም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ቀበሌ ሄድኩ። እናቴ አልከለከለችኝም፣ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። ጣሳዎቹን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ባዶ እንደነበሩ፣ ከእነማን እንደተቀበልኩ፣ ኩባያዎቹን መጠለያው ሄደው ማየት እንደሚችሉ ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። ይሰማኝ ነበር። እስክሪብቶውንም አነሳ። አስካለ ግን እዚያው ተቀምጣ ነበር።

«ተዋት ጓድ፣» አለችው፣ እኔን ሳታየኝ። «ያበላት ስለነበር ነው። ለሆዷ ነው የምትመሰክረው።»

ያን ዘመን ያልኖረ ይህ ቃል ምን እንደሆነ አይገባውም። ሰው ለሆዱ ሲል ልጁን ጥሎ የሄደበት ጊዜ ነው። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወደ ቤትሽ ሂጂ አለኝ። በረንዳው ላይ የቆሙ ሰዎች ሰምተዋል። የትኛውም ሰው መጠለያው ድረስ ሄዶ ኩባያ አላየም፤ መንገዱ ረጅም አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ በከተማው ጋሼ እንድሪስ ሌባ፣ እኔ ደግሞ ሌባው የሚቀልባት ልጅ ነበርን።

በጭነት መኪና በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ወሰዱት። ማሾዎቹን ቀበሌው ወረሳቸው። ቴአትሩ ቀጠለ፤ ከጣሪያው መሐል አንድ ማሾ ሰቅለው የሁሉንም ፊት ያበሩታል። ሁሉም የመታወቂያ ፎቶ መሰሉ። አስካለ ሙሉ ፊቷን አገኘች። ማንም ግን አላለቀሰላትም። ይህን የምለው ለክፋት አይደለም፣ እዚያ ስለነበርኩ ነው።

ዳግመኛ ያየሁት ደሴ የመምህራን ሥልጠና ስከታተል ነው። ተፈትቶ ኩታበር እህቱ ቤት ገብቷል ሲሉኝ አንድ እሑድ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አወቀኝ፣ አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ መሐረቡን አወጣ፣ ግን ብዙ አላወራንም። የሚበይድበት ዕቃ አልነበረውም። የሰፈሩ ሰው ዕቃ አይሰጠውም ነበር። ወሬው ከደሴ አልፎ ከእሱ በፊት ደርሶ ቆይቷል። እህቱ እትዬ ዘሃራ ልትሸኘኝ ስትወጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። እውነት ወስዶ ነው?» አለችኝ።

የገዛ እህቱ። አልወሰደም አልኳት። ጣሳውን ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኳት። እጄን ያዘችና፣ «አንቺማ ትወጂዋለሽ» አለችኝ። አላመነችኝም። እሱ ደጃፉ ላይ ሆኖ ይሰማ እንደነበር አውቃለሁ፣ አልዞረም። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

ቃላቱን ትቶልኛል። ለማንም ያላስተማርኳቸው፣ ግን ቤት በገባሁ ቁጥር በውስጤ የምጠራቸው ናቸው። ሰው ሲያናግረኝ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣበት አስቀድሜ አያለሁ። እንግዳ ሲመጣብኝ መስኮቱን ከኋላዬ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ እኔ እያየሁት እሱ ቅርጼን ብቻ ያያል። ልጅ ሲያነብ ካየሁ ሳልናገር መብራቱን ወደ ግራ ትከሻው አዞርለታለሁ። ተማሪዎቼ ይህ ምን አመል ነው ይሉ ነበር።

አስካለ አዲስ አበባ ኖራ፣ አርጅታና ታማ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽማግሌ ላከችብኝ። አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህና ጡረታ የወጣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ። ሞቷ ቀርቧልና አፉ በሏት፣ ይቅር በሏት አሉኝ። አፉ እንድላት አንድ ነገር ብቻ ታድርግ አልኳቸው። እትዬ ዘሃራ በሕይወት ናት። ኩታበር ሄዳ፣ መሄድ ካቃታትም ሰው ልካ፣ ጣሳው ባዶ ነበር ትበላት።

ሄደው ተመለሱ። መልሱን የነገሩኝ ሼህ ናቸው።

«ባዶ እንደነበር አውቃለሁ አለች። ግን ጊዜው ነው ያናገረኝ፣ የሞተን ሰው ነገር አልቆፍርም፣ ለማንም አልልክም አለች።»

«ጊዜው እኔንም አግኝቶኛል ሼህ። እኔን ግን አላናገረኝም» አልኳቸው።

 ለቄሱና ለባልደረባዬ በአንድ ገበታ፣ ለሼህ በሌላ ምሳ አቀረብኩ። ሲበሉ ቆየሁና ሼህን አንድ ነገር ለመንኳቸው። አውቃለሁ ያለችውን በጆሮዎ ሰምተዋልና ከእኔ ጋር ኩታበር ይምጡልኝ አልኳቸው። የአስታራቂ ሥራ አይደለም ብለው አመነቱ። ኋላ እሺ አሉ።

በሳምንቱ ሄድን። እትዬ ዘሃራ ጎረቤቶቿን ጠራች። ሼህ የአስካለን ቃል እንዳለ ተናገሩ፣ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። እትዬ ዘሃራ፣ «ምነው እሱ ደጃፉ ላይ እያለ በሰማሁት» አለች። ጎረቤቶቿ ለእሱ ዱዓ አደረጉ። እኔም በበኩሌ ጸለይኩ። በዚያው ቀን ተመለስን።

አስካለ ፍልሰታ ሲገባ ሞተች። ለቅሶ አልሄድኩም።